ውፍረት ያሉት ውሃ

አራስ ሳለሁ ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት አምሮብሻል! እንዴት ወፍረሻል!» ይለኝ ነበር። ዘመድ ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ የባሌ የሥራ ጓደኞች እንኳ ደጃፍ ላይ ቆመው ይሉታል። እኔ በዚያን ጊዜ እየሞትኩ ነበር። አጋነነች እንዳትሉኝ፤ «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ ልጅሽን የሚያሳድጋት ሌላ ሰው ነበር» ያለችኝ ያከመችኝ ዶክተር ናት።

ስሜ ትዕግሥት ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስም ስታወጣልኝ ተሳስታለች፤ እኔና ትዕግሥት ተገናኝተን አናውቅም። ሥራዬ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። መቂ ወርጄ ከገበሬው ማሳ ላይ እገዛለሁ፣ አስጭኜ አዳማ አመጣለሁ፣ እዚህ ለቸርቻሪ አከፋፍላለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ዝም ያለች ሴት ተበልታ ነው የምትቀረው፤ ደላላውም ጫኙም ሾፌሩም ይጫወትባታል። ባሌ ደረጀም የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ የተዋወቅነው በጭነት ተጣልተን ነው። እሱ «ከልክ በላይ አስጫንሽብኝ» ሲል፣ እኔ «መኪናህ ነው ያረጀው» ስል፣ በዚያው ተጋባን። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እኔ ለማንም የማልመለስ ሴት አራስ ቤት ገብቼ እንደዚያ ከሆንኩ፣ አፍ የሌላት ምስኪን ምን ትሆን እያልኩ ስለምበሳጭ ነው።

ልጄን ኤልዳናን የወለድኳት ያለ ኦፕራሲዮን፣ በደህና ነው። እናት ስለሌለኝ ያረሱኝ አማቴ እትዬ አስካለ ናቸው። እሳቸውን ክፉ አድርጌ እንደማልጽፍ ከአሁኑ እወቁልኝ። ሌሊት ልጅቷን አቅፈው ያድራሉ፣ ቀን ምድጃ ሥር ናቸው። ጠዋት አጥሚት፣ ረፋዱ ላይ ቅቤው ከመሃል የሚዋኝ ገንፎ፣ ምሳ ቅልጥም፣ ማታ ደግሞ የዶሮ መረቅ። ጨውና በርበሬውን ሳይሳሱ ነው የሚጨምሩት፤ «አልጫ አራስ አይጠግንም» ይላሉ። መስኮቱ በመጋቢት ሙቀት ግጥም ተደርጎ ይዘጋል። አዳማን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ከአሁኑ ያልበዋል። እኔ ደግሞ ጋቢ ለብሼ፣ ራሴን ጠምጥሜ፣ ካልሲ አድርጌ ነው የምቀመጠው። ልክፈተው ያልኩ እንደሆነ «ብርድ ቢገባሽ ለማን ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር አራስ ከስታ ከወጣች የሚወቀሰው ያረሳት ሰው ነው። «ምን አብልተዋት ነው?» ይባላል። ስለዚህ «ወፈረች» የሚለው ቃል ለእትዬ አስካለ የድካማቸው ዋጋ ነበር። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጋቢዬን ከእግሬ ላይ ገለጥ አድርገው «እስቲ ቅልጥሟን እዩልኝ» ይላሉ። ሴቶቹ «እሰይ! እጅዎ ይባረክ» ሲሏቸው ፊታቸው ይበራል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነኝ፤ አንድም ቀን እግርሽ አማረ ብሎኝ የሚያውቅ የለም።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ቀለበቴ ጣቴ ላይ ተጣብቆ በሳሙና እንኳ እምቢ አለ። ነጠላ ጫማው እግሬን አላስገባ አለኝ። ግቢው ዳር ካለው መጸዳጃ ቤት ደርሼ ስመለስ መቂ ድረስ በእግሬ የሄድኩ ያህል ልቤ ይመታል። ከሁሉ የባሰው መተኛቱ ነበር። ጋደም ስል ትንፋሼ ያጥራል፣ ሳል ይነሳል፤ ቀና ስል ይሻለኛል። ትራስ ጨመሩልኝ፣ ደግሞ ጨመሩልኝ፣ በመጨረሻ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ማደር ጀመርኩ። ሌሊት ሌሊት ልጄን አያለሁ፣ የራሴን ትንፋሽ አዳምጣለሁ፣ ነግቶ ሰው እስኪነሳ እፈራለሁ። ስነግራቸው «የአራስ ድካም ነው፣ ሁላችንም አልፈንበታል» አሉኝ። ይህችን «ሁላችንም አልፈንበታል» የምትባል ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሰማት ደሜ ይፈላል። ሁላችሁም ያለፋችሁበት እንደሆነ በምን አወቃችሁ? እኔ ውስጥ ገብታችሁ ነበር?

እትዬ አስካለ ብርድ ነው አሉና ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፣ በእንፋሎት አጠኑኝ። እንፋሎቱ ውስጥ አንገቴን ይዘው ሲያጎነብሱኝ የሰመጥኩ መሰለኝ። ከጋቢው ሥር ዘልዬ ወጣሁና «ሊገድሉኝ ነው እንዴ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። እሳቸውም አኩርፈው ዋሉ።

መጀመሪያ ነገሩ አልጥማት ያለው ከድጃን ነው። ከድጃ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት የአርሲ ሴት ናት፤ ብዙ ወልዳለች፣ ብዙም አታወራም። «አካም ጅርታ ትዕግሥቴ?» ብላ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመርኩላት። እያዳመጠችኝ ቆየችና «ያ ረቢ! አንቺ እኮ አንድ አረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ሦስቴ ትተነፍሻለሽ። ይሄ ድካም አይደለም፣ ተነሽ ሐኪም ቤት» አለችኝ።

ደረጀ ጭነት ይዞ ወጥቶ ስለነበር ከድጃ ሱቋን ዘግታ ይዛኝ ሄደች። የሰፈራችን ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ ዋልን። ደም ወሰዱ፣ ከዚያ «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። እዚህ አገር ትኩሳት ቢኖርሽ ታይፎይድ ነው፣ ባይኖርሽ የተደበቀ ታይፎይድ ነው። «ትንፋሼስ?» አልኩት ውጤቱን የነገረኝን ወጣት። «እሱ አብሮ ይሄዳል» አለኝ። መርፌ ተወጋሁ፣ ክኒን ዋጥኩ፣ ምንም አልሄደም። ጭራሽ እግሬ እስከ ጉልበቴ አበጠ፤ ሰው ደግሞ ይበልጥ «አማረብሽ» አለኝ።

አሁን ስለ ሽንኩርት ትንሽ ላውራ፤ ከሕመሙ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ። መስኖ ላይ ከልክ በላይ ውሃ የጠጣ ሽንኩርት ሲያዩት ያምራል። ይወፍራል፣ ያብለጨልጫል፣ አዲስ ነጋዴ እሱን አይቶ ይሽቀዳደማል። እኔ ግን በአውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ከሰረጎደ አልነካውም፤ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጄን አጥብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቦይ የመሰለ ምልክት ትቶ አየሁ። እጄ ለምዶበት ይሁን አላውቅም፣ ቅልጥሜን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። አየሁት፣ ጠበቅሁት፣ አልሞላም።

«እትዬ አስካለ!» ብዬ ተጣራሁ። «ኑ እዩ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም። ውሃ ነው።»

መጥተው አዩና ፈጠን ብለው ጋቢውን መለሱብኝ። «ተይ እንጂ ልጄ! የወፈረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። እንዲህ እየተባለ በራስ ላይ አይሟረትም» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አልነበረም። ፈርተዋል። እኔም ውሃ መሆኑን እንጂ ውሃው ከየት እንደመጣ አላወቅሁም።

ደረጀ ሲመለስ ፊቴን አይቶ ደነገጠ። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያበጥሽ?» አለኝ። «አበጥሽ» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ እናቱ «ወፈረች ነው የሚባለው» ብለው ተቆጡት። በዚያው ቀን ሌላ፣ ከፍ ያለ የሚባል ክሊኒክ ወሰደኝ፤ እትዬ አስካለም ልጅቷን ታቅፈው ተከተሉን። እዚያ ያለው ሐኪም ዓይኔን ገልጦ አየና «ደም ማነስ ነው፣ አቅሟ ደክሟል፣ ግሉኮስ ይሰቀልላት» አለ።

«ወንድሜ፣ እግሬን እይልኝ፣ ውሃ ነው፤ ስጫነው ይሰረጉዳል» አልኩት።

«ሐኪሟ አንቺ ነሽ እኔ ነኝ?» አለኝ እየሳቀ።

ግሉኮስ ሲባል እትዬ አስካለ እፎይ አሉ። እዚህ ሰው ግሉኮስ ሳይሰቀልለት ታከምኩ አይልም፤ ዘመድም ሲጠይቅ መጀመሪያ «ስንት ግሉኮስ ተሰጣት?» ነው የሚለው። አልጋ ላይ በጀርባዬ አስተኙኝና ሰቀሉልኝ። ቀና አድርጉኝ አልኩ፣ መርፌው ይወጣል አሉኝ። ጠብታው እየወረደ ነው፣ ደረቴ እየጠበበ ነው። ጉሮሮዬ ውስጥ ኩልል የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሌላ ሰው ድምፅ መስሎኝ ወደ ጎን ዞሬ አየሁ፤ የራሴ ነው። ውሃ ውስጥ የመስመጥን ስሜት ቆቃ ሐይቅ ወድቆ የሚያውቅ ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ በደረቅ አልጋ ላይ አይቼዋለሁ።

ነቀልኩት። መርፌውን፣ ፕላስተሩን፣ ሁሉንም ነቅዬ ተነሳሁና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ደም በእጄ ላይ ወረደ። ነርሷ እየጮኸች መጣች፤ «ሴትዮዋ አበደች እንዴ?» አለች። ሰውዬውም ብቅ ብሎ «አራስ ናት፣ እንዲህ ያደርጋቸዋል» አለ። እትዬ አስካለ ማማተብ ጀመሩና «ልጄ ደረጀ፣ ይሄ የሐኪም ነገር አይደለም፣ ጠበል እንውሰዳት» አሉ።

ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ቃል በቃል እየቆረጥኩ፣ «ጠበሉን እጠጣለሁ» አልኳቸው። «እምነት የለኝም አላልኩም። መጀመሪያ ግን ልተንፍስ። ደረጀ፣ አሁኑኑ ትልቁ ሆስፒታል ካልወሰድከኝ በእግሬ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ብወድቅ አንተ ታነሳኛለህ።»

ደረጀ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይል ተሸከመኝ። ለዚያ ለአንዱ ዝምታው ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ደረጀ ካርድ ሊያወጣ ሲሰለፍ እኔ አግዳሚው ላይ ተጎንብሼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት፣ የራሷን እናት ልታሳክም የመጣች፣ የእናቷን የራጅ ፊልም ከነፖስታው አውጥታ ታራግብልኝ ጀመር። ክንዷ ሲደክማት በሌላው እጇ ትቀጥላለች። ስሟን አልጠየቅኋትም። ኤልዳና ስታለቅስ እዚያው አጠባኋት፤ ሴትዮዋ በነጠላዋ ጋረደችኝና ማራገቧን ቀጠለች። በኋላም ወደ ተረኛው ክፍል ተነስታ ሄዳ «ይህቺ አራስ ከእኛ ትቅደም፣ ከንፈሯ ጠቁሯል!» ብላ ጮኸችልኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አንድም ቃል ሳይተነፍስ አሳለፈኝ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ገና ሳልቀመጥ «የሚብስብሽ ስትተኚ ነው ስትቀመጪ?» አለችኝ።

አለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። እስከዚያን ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ማንም አልነበረም። «ስተኛ» አልኳት። አንገቴን አየች፣ ደረቴን በጀርባ በኩል አዳመጠች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጉድጓዱን እኔም እሷም አብረን አየነው። ወዲያው ኦክስጅን አደረጉልኝ፣ ቁጭ እንዳልኩ ውሃ የሚያስወጣ መርፌ ተሰጠኝ፣ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳሁ።

ነገሩን ያስረዳችን ሦስታችንንም አስቀምጣ ነው። የእርግዝናው መጨረሻ ላይ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት አንዳንድ እናቶችን የሚይዝ የልብ ድካም ነው አለች። የልብ ጡንቻ ይደክማል፣ ደም እንደሚገባው መግፋት ያቅተዋል፣ ያኔ ውሃው ወደ ሳንባና ወደ እግር ይሄዳል። ምክንያቱ በደንብ አይታወቅም፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ብዙዎቹ ምልክቶቹ የወሊድ ድካም ስለሚመስሉ ሳይታወቅ ይቆያል። ግሉኮሱን ስነግራት ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «ልብሽ ያለውን ውሃ መግፋት አቅቶት ሌላ ውሃ ጨመሩበት። ነቅለሽ መጣልሽ ነው ያተረፈሽ» አለችኝ።

እትዬ አስካለ ልጅቷን እንደታቀፉ ዝቅ ባለ ድምፅ «ታዲያ ውፍረቱስ የኔ ልጅ?» አሏት።

«እማማ፣ ውፍረት አልነበረም። ውሃ ነው» አለቻቸው፤ በአክብሮት፣ እጃቸውን ይዛ። አማቴ እንደዚያን ቀን አንሰው አይቻቸው አላውቅም። ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ጠፋኝ፤ ለራሴም የሚያጽናናኝ እፈልግ ነበር።

ውሃው ወጣ። በቀንም በሌሊትም መሽናት ሆነ ሥራዬ። ሆስፒታል ሰንብቼ ስወጣ ከመውለዴ በፊት ከነበርኩት ይልቅ ቀጭን ሆኜ ወጣሁ። ስለ ወጪው አልዘረዝርም፤ ለሽንኩርት መግዣ ያስቀመጥኩት ሄደ፣ በቃ። ከሆስፒታሉ የባሰብኝ ቤት መግባቱ ነው። ያ «አማረብሽ» ሲል የነበረ ሰው ተመልሶ መጣና «ምነው ከሳሽ? አላረሱሽም እንዴ?» ይለኝ ጀመር። እትዬ አስካለ በእፍረት ጓዳ ይገባሉ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ሆኜ «ዳንኩ እኮ! መዳን እንዲህ ነው የሚያከሳው» እላቸዋለሁ። አንዷ የደረጀ ዘመድ «ሴት ልጅ ሥጋዋ ነው ውበቷ» አለችኝ። «ውበቴን ከፈለግሽ ሆስፒታል ሽንት ቤት አፍስሼዋለሁ፣ ሄደሽ ቅጂ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ማገገም ማለት በአብዛኛው ከሰው ጋር መጣላት ነው። ጨው ቀንሺ ተብያለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ጨው የሌለው ምግብ የእስረኛ ምግብ ይመስለዋል። የራሴን ድስት ለየሁ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ አድርጌ አበስላለሁ፤ ሲለመድ አይከፋም፣ መጀመሪያ ላይ ግን እንባዬ እየመጣ ነው የበላሁት። እትዬ አስካለ ዞር ስል አንዲት ቁንጥር ጨው ጣል ያደርጋሉ። ያዝኳቸው። «እትዬ አስካለ፣ ሊገድሉኝ ነው?» አልኳቸው፤ አሁንም ያችው ቃል፣ ግን በዚህኛው ጊዜ እየሳቅሁ ነበር። እሳቸውም ማማሰያውን እንደያዙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ። «እኔ እኮ በገዛ እጄ ቀብሬሽ ነበር፤ ይሄን እያሰብኩ እንቅልፍ የለኝም» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ድስቴን እሳቸው ናቸው የሚጠብቁት። የጨው ዕቃ ይዞ ወደ ምድጃዬ የሚጠጋ ሰው ወዮለት።

መስኮቱንም ከፈትኩት። ጋቢውን አወለቅሁ። ክኒኖቼን ልጄን ከማጥባቴ ጋር የሚስማሙ መሆናቸውን ዶክተሯን አስረግጬ ጠይቄ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ። ደህና ሆንኩ ብዬ ላቋርጥ ያሰብኩበት ጊዜ ነበረ፤ ዶክተሯ «ደህና የሆንሽው በክኒኑ ነው» ብላ ተቆጣችኝ። በእግሬ መሄድ የጀመርኩት እስከ ከድጃ ሱቅ ነው። ከድጃ ደጃፏ ላይ በርጩማ ታወጣልኛለች፤ አረፍ እላለሁ፣ እመለሳለሁ። ቀስ በቀስ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ እስከ ገበያው ደረስኩ። ሲደክመኝ እቀመጣለሁ፤ መንገድ ላይም ቢሆን፣ ሰው ቢያየኝም። አላፍርም። ደረጀ ረጅም መንገድ መሥራቱን ትቶ ቅርብ ቅርቡን ያዘ፤ የልጅቷን ጨርቅ አጥቦ ሲያሰጣ የግቢው ወንዶች ሲስቁበት «ኑና እናንተም አግዙኝ» ይላቸዋል። እኔም መቂ ተመለስኩ፤ አሁን ኩንታል አላነሳም፣ ማንሳት የሚችል ሞልቷል። የሚያስፈልገው አፌ ነው፣ አፌ ደግሞ አልታመመም።

አንቺ አሁን አራስ ቤት ሆነሽ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ሐኪም አይደለሁምና በሽታሽን አልነግርሽም። ግን ጋደም ስትዪ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ተቀምጠሽ ካደርሽ፣ እግርሽ ካበጠ፣ ትንሽ ተራምደሽ ልብሽ ከደለቀ፣ ማንም «የአራስ ነው» ብሎ እንዳያስተኛሽ። «ልቤን መርምሩልኝ» በዪ። አንደኛው ቢስቅብሽ ሌላው ጋ ሂጂ። ጨቅጫቃ ቢሉሽ ይበሉሽ። ባል ከሆንክም፣ ሚስትህን ቀን ብርሃን ላይ በደንብ እያት።

አንድ የቀረ ነገር ነበር፣ ከሁሉም የከበደው። ዶክተሯ «ደግመሽ ብታረግዢ ልብሽ ላይችለው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ካልዳነ በፍጹም፤ ቢድንም ከእኔ ጋር ሳንነጋገር እንዳታስቢው» ብላኛለች። ክንዴ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ለልቤ የማያሰጋ መሆኑን ጠይቄ አስቀበርኩ። ደረጀ አምስት ልጅ የሚመኝ ሰው ነበር። ስነግረው ወጥቶ ከመኪናው ጋር ሲታገል ዋለና ማታ «አምስቱን ከማን ጋር ነው የማሳድጋቸው አንቺ ከሌለሽ?» አለኝ። ለዘመድ ግን አልተናገርንም። ዘመድ ደግሞ ይጠብቃል። «አንድ ልጅ ልጅ ነው?» ይባላል። እትዬ አስካለ ያውቃሉ፤ ስለሱ ግን ከእኔ ጋር አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ልባቸው ወዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

የኤልዳና የመጀመሪያ ልደት ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። ከድጃም ልጆቿን ይዛ መጥታለች። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት እንደ ደንቡ ጋሽ ደምሴ ለምርቃት ተነሱ፤ የአማቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፣ በዘመዱ ሁሉ መራቂ እሳቸው ናቸው። እጃችንን ዘረጋን። «ያሳድግሽ» አሉ፤ አሜን አልን። «ለአባት ለእናትሽ ያድርግሽ» አሉ፤ አሜን አልን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ተከታይ ይስጥሽ! ለከርሞ ወንድ ልጅ ያሳቅፍሽ!» አሉ። ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ።

እኔ አላልኩም። እጄን ሰበሰብኩ። ሽማግሌ ሲመርቅ እጅ መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉም አየኝ።

«አሜን በይ እንጂ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ይሄንን አሜን አልልም። ይሄ ምርቃት ከደረሰ እኔ እሞታለሁ። ሐኪም ነው የነገረኝ። ልጄ ወንድም አያስፈልጋትም፣ እናት ነው የሚያስፈልጋት።»

ደረጀ ከወንዶቹ መሃል ተነስቶ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ምርቃታቸው ተመልሶባቸው አያውቅም። «ታዲያ ምን ልበል?» አሉ፤ ቁጣ ይሁን ጥያቄ አልለየሁትም።

«‹እናቷን ያቆይላት› ይበሉኝ።»

አላሉም። ወለሉን እያዩ ቆሙ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። በዚህ መሃል ከጓዳው በር በኩል የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ። እጃቸው ገና እንደተዘረጋ ነበር።

«በል እንጂ ደምሴ፣ ያለችህን በል! እጃችንን ዘርግተን እስከ መቼ እንቁም?»

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናቷን ያቆይላት» አሉ።

እጄን መልሼ ዘረጋሁ። ከሁላችንም ቀድመው፣ ከሁላችንም ጮክ ብለው «አሜን» ያሉት አማቴ ናቸው።